ግራኙ ለምን በቀኝ ይሰለፋል?

እ.ኤ.አ. ጁላይ 9 ቀን 2024 ሙኒክ ላይ በተደረገው የአውሮፓ ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ ፈረንሳይ ስፔንን 1 ለ 0 እየመራች ነበር። በ21ኛው ደቂቃ የስፔኑ ላሚን ያማል ኳሷን ከቀኝ መስመር ወደ መሀል ይዞ መጣ። ከሳጥኑ ውጪ የፈረንሳዩ አድሪያን ራቢዮ ፊቱ ተደቀነ። ልጁ ሰውነቱን አወዛወዘ፣ ኳሷን ወደ ግራ እግሩ ገፋ አደረጋት፣ ከዚያ መታት። ኳሷ ተጠምዝዛ በግብ ጠባቂው ማይክ ማኛን ላይ አለፈች፤ የሩቁን ቋሚ ውስጠኛ ጎን ገጭታም መረቡ ላይ አረፈች። ያማል በዚያ ቀን 16 ዓመት ከ362 ቀኑ ነበር። በአውሮፓ ዋንጫ ታሪክ በዚህ ዕድሜ ጎል ያስቆጠረ ከእሱ በፊት አልነበረም።

ለዚያ ሜዳ እንዲህ ያለ ጎል አዲሱ አይደለም። አሪየን ሮበን የሚባል ሌላ ግራኝ ከ2009 እስከ 2019 በባየርን ሙኒክ ማሊያ፣ በዚያው ስታዲየም፣ ከዚያው ከቀኝ መስመር እየተነሳ ወደ መሀል ሲቆርጥና በግራ እግሩ ሲመታ አሥር ዓመት ኖሯል። ግብ ጠባቂዎች ያውቁታል፤ ተከላካዮች ያውቁታል፤ ተመልካቹም ያውቀዋል። ያም ሆኖ ጎሉ ይገባ ነበር።

ያማልን ያየ ሁሉ ስለ ተሰጥኦው አወራ፤ ተገቢም ነው። ከተሰጥኦው በፊት ግን አንድ ውሳኔ ነበር። የስፔኑ አሰልጣኝ ሉዊስ ዴ ላ ፉዌንቴ ግራኙን ያማልን በቀኝ፣ ቀኝ እግረኛውን ኒኮ ዊሊያምስን ደግሞ በግራ አሰለፉ። ሁለቱም ጠንካራ እግራቸው ወደ ዳር ሳይሆን ወደ ሜዳው ውስጥ እንዲያይ ተደረገ። ዛሬ በታላላቅ ክለቦች ይህ የተለመደ ሆኗል፤ የቀድሞ ሰዎች ቢያዩት ግን አሰላለፉ የተገለበጠ ይመስላቸው ነበር።

በእነሱ ዘመን ነገሩ ግልጽ ነበር። ቀኝ እግረኛ በቀኝ፣ ግራኝ በግራ። የመስመር አጥቂ ሥራው ተከላካዩን በዳር በኩል አልፎ እስከ ግብ መስመሩ መድረስና ለመሀል አጥቂው ማሻማት ነው። የዚህ ጥበብ ትልቁ ስም እንግሊዛዊው ስታንሊ ማቲውስ ነው። በ1953 የኤፍ ኤ ካፕ ፍጻሜ ብላክፑል በቦልተን 3 ለ 1 ከተመራ በኋላ 4 ለ 3 ሲያሸንፍ ስታን ሞርቴንሰን ሦስት ጎል አስቆጠረ፤ የመጨረሻዋን ቢል ፔሪ ጨመረ። ሕዝቡ ግን ጨዋታውን «የማቲውስ ፍጻሜ» ብሎ ጠራው፤ ምክንያቱም የቦልተንን የግራ ተከላካይ መስመር ከቀኝ ዳር ተነስቶ ያፈራረሰው እሱ ነበር። የፔሪ ጎልም የመጣችው ማቲውስ በቀኝ በኩል ሰብሮ ገብቶ ካቀበላት ኳስ ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1956፣ የመጀመሪያውን ባሎን ዶር የወሰደው ይኸው የመስመር ተጫዋች ነው።

የድሮው አሰላለፍ የራሱ ሳይንስ ነበረው። ቀኝ እግረኛ በቀኝ መስመር ሲሮጥ ኳሷ በዳሩ መስመር በኩል ትሆናለች፣ ተከላካዩ በውስጥ በኩል ይሆናል፤ የተጫዋቹ ገላ በሁለቱ መካከል ይገባል። ሩጫውን ሳያቆም ማሻማትም ይችላል። በእግሩ ውስጠኛ ክፍል የሚያሻማት ኳስ ከግብ ጠባቂው እየራቀች፣ ወደሚመጣው አጥቂ እየቀረበች ትታጠፋለች። ግብ ጠባቂው ልውጣ አልውጣ እያለ ያመነታል፤ አጥቂው ግን እየሮጠ፣ ኳሷን ፊት ለፊት እያየ በጭንቅላቱ ይገጫታል። ማንችስተር ዩናይትድ በ1990ዎቹ ዴቪድ ቤካምን በቀኝ፣ ራያን ጊግስን በግራ አሰልፎ እንግሊዝን ሲገዛ በዚሁ ስሌት ነበር።

ችግሩ ሳጥን ውስጥ የሚጠብቀው ሰው ነው። የተሻማ ኳስ ጎል የሚሆነው ከተከላካዮች ቀድሞ የሚደርስባት ካለ ነው። ተጋጣሚው ሳጥኑን በረጃጅም ተከላካዮች ከሞላው ማሻማት ኳስን ለተጋጣሚ መስጠት ይሆናል። በፌብሩዋሪ 2014 በዴቪድ ሞይስ የሚመራው ማንችስተር ዩናይትድ በሜዳው ኦልድ ትራፎርድ ፉልሃምን ገጠመ። ፉልሃም የደረጃ ሠንጠረዡ ግርጌ ላይ ነበር። ዩናይትድ በዚያ ጨዋታ ከ80 በላይ ኳሶችን ወደ ሳጥን አሻማ፤ ጨዋታው 2 ለ 2 አለቀ። የፉልሃም ተከላካዮች ቀኑን ሙሉ የሚመጣላቸውን ዓይነት ኳስ አስቀድመው ያውቁ ነበር።

ከዚያ ብዙ ቀደም ብሎ አንድ አሰልጣኝ ለዚሁ ችግር ሥር ነቀል መልስ ሰጥተው ነበር። እንግሊዝ በ1966 የዓለም ዋንጫን ስታዘጋጅ አልፍ ራምሴይ በሦስቱ የምድብ ጨዋታዎች ሦስት የመስመር አጥቂዎችን በየተራ ሞከሩ። ከሩብ ፍጻሜው ጀምሮ ግን ሁሉንም አስቀመጡ። ቡድኑ ያለ ክንፍ ተጫወተ፣ ዋንጫውንም አነሣ። ብዙ አገር ይህን አይቶ የመስመር አጥቂ ዘመን አበቃ ብሎ ነበር። አላበቃም። ተመልሶ ሲመጣ ግን ኳስ አቀባይ ብቻ አልነበረም፤ ጎል አግቢም ሆኖ ነው።

ለምን እንዲህ እንደሆነ ለማወቅ ከእግር በፊት ሜዳውን መለካት ይበጃል። ግብ 7.32 ሜትር ስፋት አለው፤ ለሚመታው ሰው ግን ሁልጊዜ ያን ያህል ሰፊ ሆኖ አይታይም። አንድ ተጫዋች ከግብ መስመሩ 5 ሜትር፣ ከግቡ መሀል ደግሞ ወደ ዳር 20 ሜትር ላይ ቢቆም ሁለቱ ቋሚዎች የሚከፍቱለት ማዕዘን 5 ዲግሪ ገደማ ነው። ግብ ጠባቂው በቅርቡ ቋሚ በኩል ከቆመ ከዚያ ላይ የሚታይ ክፍት ቦታ የለም ማለት ይቻላል። የሳጥኑ ጥግ ላይ፣ ከግብ መስመሩ 16.5 ሜትር ላይ ቢሆን ማዕዘኑ 10 ዲግሪ ይደርሳል። አሁን የሳጥኑን መስመር ተከትሎ ወደ መሀል ይግባ። ወደ ግብ መስመሩ አንድ እርምጃ ሳይጠጋ፣ ከግቡ ትይዩ ሲደርስ፣ ማዕዘኑ 25 ዲግሪ ሆኗል። ሁለት እጥፍ ተኩል ማለት ነው።

እንግዲህ በዳር በኩል እየሰበረ የሚሄድ ተጫዋች በሮጠ ቁጥር ግቡ ይጠብበታል፤ መጨረሻ ላይ ለሌላ ሰው ከማቀበል በቀር ምርጫ አይኖረውም። ወደ ውስጥ የሚቆርጠው ግን በሮጠ ቁጥር ግቡ ይሰፋለታል። ጥያቄው ግቡ በሰፋለት ቅጽበት ኳሷ በየትኛው እግሩ ላይ ትገኛለች የሚለው ነው። ቀኝ እግረኛ ከቀኝ መስመር ወደ መሀል ሲገባ ጠንካራው እግሩ ግቡና ተከላካዩ ባሉበት ጎን ይሆናል፤ ተከላካዩ በቀላሉ ይደርስበታል። ግራኙ ግን ኳሷን ከተከላካዩ በራቀው ጎን፣ በግራ እግሩ ይነዳታል። ገላው ጋሻ ይሆነዋል። መምታት ሲፈልግ ወገቡን ወደ ግቡ ማዞር ብቻ ይበቃዋል።

ተከላካዩም እግር አለው፤ ይህን ብዙ ተመልካች ይረሳዋል። የቀኝ መስመር አጥቂን የሚገጥመው የዳር ተከላካይ፣ የግራ ተመላላሹ፣ አብዛኛውን ጊዜ ግራኝ ነው። የቀኝ መስመር አጥቂው በዳር በኩል ልለፍ ቢለው በጠንካራ እግሩ ያስቆመዋል። ወደ ውስጥ ሲቆርጥበት ግን እግሩን መስደድ ያለበት በቀኝ ነው፤ በደካማው። አጥቂው በጠንካራ እግሩ፣ ተከላካዩ በደካማ እግሩ የሚገናኙበት ቦታ አለ ማለት ነው። አሰላለፉ የሚሠራው ያንን ቦታ በጨዋታ ውስጥ ደግሞ ደጋግሞ ለመፍጠር ነው።

ሦስተኛው ጥቅም አየር ላይ ነው። ግራኝ ተጫዋች ኳሷን በግራ ጎኗ በኩል በእግሩ ውስጠኛ ክፍል ሲመታት እየተሽከረከረች ትሄዳለች። በሽክርክሯ አጠገቧ ያለውን አየር ወደ አንድ ጎን ትገፋለች፤ አየሩም በአጸፋው እሷን ወደ ሌላው ጎን ይገፋታል። ይህ ክስተት በ19ኛው ክፍለ ዘመን ባጠናው ጀርመናዊ የፊዚክስ ሊቅ በጉስታቭ ማግነስ ስም ይጠራል። የግራኙ ኳስ ወደ ቀኝ ትታጠፋለች። ከቀኝ በኩል ወደ ሩቁ ቋሚ የተመታች እንደሆነ መጀመሪያ ከቋሚው ውጪ የምትወጣ ትመስላለች፤ ግብ ጠባቂው በሚዘረጋው እጅ ዙሪያ ትዞርና መጨረሻ ላይ ወደ ውስጥ ትመለሳለች። ያማል ማኛን ላይ ያገባት ይህችን ነው። ግብ ጠባቂው ጥሩ ዘሎ ነበር፤ እጁ የሚደርሰው ግን ኳሷ ካለችበት መንገድ በመለስ ነበር።

ወደ ሮበን እንመለስ፤ አንድ ያልተመለሰ ጥያቄ አለና። ሁሉም የሚያውቀው እንቅስቃሴ እንዴት አሥር ዓመት ሙሉ ሠራ? መልሱ ማወቅና መድረስ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸው ነው። ሰው ያየውን ነገር ለይቶ እስኪንቀሳቀስ ቢያንስ የሰከንድ አንድ አምስተኛ ያህል ይፈጅበታል። በሰከንድ 7 ሜትር የሚሮጥ አጥቂ በዚያች ቅጽበት 1.4 ሜትር ይሄዳል። ተከላካዩ «ይቆርጣል» ብሎ ቢያውቅም መቼ እንደሚቆርጥ አያውቅም፤ ቀድሞ ወደ ውስጥ ከተዘነበለ ዳሩ ይከፈታል። ሮበን ደግሞ ኳሷን በጥቃቅን ንክኪዎች እግሩ ሥር አድርጎ ነበር የሚነዳት፤ በእያንዳንዷ ንክኪ ሊቆርጥ ይችላል፤ በእያንዳንዷም ላይቆርጥ ይችላል። የሚጠብቀው አንድ ነገር ነበር፦ ተከላካዩ ክብደቱን በተሳሳተው እግር ላይ እስኪጥል። ክብደት ያረፈበት እግር ቶሎ አይነሣም፤ ይህ የልምምድ ጉድለት አይደለም፣ የሰው አካል አሠራር ነው።

የዳሩ መንገድ ክፍት ካልሆነ ግን ይህ ሁሉ አይሠራም። አጥቂው ወደ ውስጥ ብቻ እንደሚሄድ ያረጋገጠ ቡድን ሁለት ሰው ውስጥ አቁሞ ያፍነዋል። ስለዚህ የተገለበጠው መስመር አጥቂ ከኋላው እየሮጠ በዳር በኩል የሚያልፈው ሰው ያስፈልገዋል፤ ያም ተመላላሹ ነው። ሮበን ፊሊፕ ላምን ይዞ ነበር፤ ሊዮኔል ሜሲ ባርሴሎና ውስጥ ዳኒ አልቬስን። የግራው ተመላላሽ ከሁለቱ አንዱን መምረጥ አለበት፤ የትኛውንም ቢመርጥ ሌላኛው ነጻ ነው።

ለእኔ የዚህ ጥምረት ንጹሕ ማሳያ የ2018–19 የሊቨርፑል ቡድን ነው። ግራኙ መሐመድ ሳላህ በቀኝ፣ ቀኝ እግረኛው ሳዲዮ ማኔ በግራ፤ ሁለቱም በፕሪምየር ሊጉ 22፣ 22 ጎል አስቆጠሩ። ከኋላቸው የነበሩት ተመላላሾች ደግሞ ትሬንት አሌክሳንደር-አርኖልድ 12፣ አንድሪው ሮበርትሰን 11 ጎል የሆኑ ኳሶችን አመቻችተው አቀበሉ። ቁጥሮቹን ጎን ለጎን ስናያቸው የማቲውስ ሥራ እንዳልጠፋ እንረዳለን። ማሻማቱ ወደ ተመላላሹ ሄደ፤ ጎል ማግባቱ ወደ መስመር አጥቂው መጣ። መሀል አጥቂው ሮቤርቶ ፊርሚኖ ወደ ኋላ እየተሳበ ተከላካዮችን ይዞላቸው ይወጣ ነበር።

ዋጋውም እዚሁ ጋር ይከፈላል። ተመላላሹ ወደፊት ከሄደ የነበረበት ቦታ ባዶ ነው። ሜይ 28 ቀን 2022 ፓሪስ ላይ በተደረገው የሊቨርፑልና የሪያል ማድሪድ የቻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜ የማድሪዱ ፌዴሪኮ ቫልቬርዴ፣ ቀኝ እግረኛ ሆኖ በቀኝ የተሰለፈ ተጫዋች፣ በ59ኛው ደቂቃ በቀኝ በኩል ገፍቶ ኳሷን ዝቅ አድርጎ በግቡ ፊት ላካት። በሩቁ ቋሚ ቪኒሺየስ ጁኒየር ከአሌክሳንደር-አርኖልድ ጀርባ ሾልኮ ብቻውን ቆሞ ነበር። ጨዋታው 1 ለ 0 አለቀ። አንደኛው ክንፍ በተፈጥሮ እግሩ አቀበለ፣ ሌላኛው በተገለበጠው በኩል ጨረሰ፤ ማድሪድ ሁለቱንም ዓይነት በአንድ ጨዋታ ተጠቅሞባቸዋል።

ስለዚህ «የተገለበጠው ይሻላል» ብሎ መደምደም ስሕተት ነው። ፔፕ ጋርዲዮላ በ2017–18 ማንችስተር ሲቲን 100 ነጥብና 106 ጎል ያስመዘገበ ቡድን ሲያደርጉ ግራኙን ሌሮይ ሳኔን በግራ፣ ቀኝ እግረኛውን ራሂም ስተርሊንግን በቀኝ ነበር የሚያሰልፉት፤ ልክ እንደ ድሮው። ልዩነቱ ሁለቱ ዳሩን መስመር ረግጠው የሚቆሙት የተጋጣሚን ተከላካዮች ለመለጠጥ መሆኑ ነው። ተከላካዮቹ በሰፉ ቁጥር በመሀላቸው በሚፈጠረው ክፍተት ኬቪን ደ ብሩይነና ዳቪድ ሲልቫ ይጫወቱበታል። ኳሷ ከክፍተቱ ወደ ሳኔ ትወጣለች፣ ሳኔ ከግብ መስመሩ አጠገብ ዝቅ አድርጎ ይልካታል፣ በሩቁ ቋሚ ስተርሊንግ ይደርስባታል። ስተርሊንግ በዚያ ዓመት በሊጉ 18 ጎል አስቆጥሯል። ወደ ላይ የምትወረወር ኳስ የለችም፤ ረጅም አጥቂም አያስፈልግም። እኔ በበኩሌ ከሁሉም የመስመር አጨዋወቶች ለዓይን የሚያምረው ይህ ይመስለኛል። የቤካም ዓይነት የአየር ኳስ ወዳጆች ላይስማሙ ይችላሉ።

አሰልጣኞች መከላከያውንም በእግር ስሌት ሠርተውታል። በፌብሩዋሪ 2007 ሊቨርፑል ወደ ባርሴሎና ሲሄድ ሜሲ በቀኝ መስመር እየተነሳ ወደ ውስጥ በመቁረጥ አውሮፓን ማስጨነቅ ጀምሮ ነበር። ራፋኤል ቤኒቴዝ አዲስ የመጣውን አልቫሮ አርቤሎአን በግራ ተመላላሽነት አሰለፉት። አርቤሎአ ቀኝ እግረኛ ነው። ለሜዳው ጎን የተገለበጠ ተከላካይ ለተገለበጠ አጥቂ ማለት ነው፤ ሜሲ ወደ ውስጥ ሲቆርጥ የሚጠብቀው የተከላካዩ ጠንካራ እግር ሆነ። በግራ በኩል ከፊቱ የተሰለፈው ግራኙ ዮን አርነ ሪሰ ነበር። ሊቨርፑል 2 ለ 1 አሸነፈ፤ የማሸነፊያዋን ጎል ራሱ ሪሰ በደካማው በቀኝ እግሩ አስቆጠራት።

ከሙኒኩ ጎል አምስት ቀን በኋላ፣ በርሊን ላይ፣ ስፔን እንግሊዝን 2 ለ 1 አሸንፋ ዋንጫውን ወሰደች። የመጀመሪያዋ ጎል ያማል ከቀኝ ወደ ውስጥ ገብቶ ወደ ግራ ያሻገራት ናት፤ ኒኮ ዊሊያምስ ሳያስቆማት በግራ እግሩ፣ በደካማው፣ መታት። ሁለተኛዋ በ86ኛው ደቂቃ መጣች። ግራኙ ተመላላሽ ማርክ ኩኩሬያ በግራ መስመር ወጥቶ ዝቅ ያለች ኳስ ላከ፣ ሚኬል ኦያርዛባል ተንሸራትቶ አስገባት። በአንድ ፍጻሜ ላይ ሁለቱም አሠራሮች ጎል ሆኑ፦ የተገለበጠው ክንፍ ወደ ውስጥ ሲገባና ተመላላሹ የማቲውስን ሥራ ሲሠራ።

ጉዳዩ ገና ልጆችን ለሚያሠለጥኑ ሰዎችም ይጠቅማል። በ1998ቱ የፈረንሳይ ዓለም ዋንጫ ተጫዋቾች ላይ በተሠራ ጥናት ከአምስቱ አራቱ ያህል ቀኝ እግረኞች ሆነው ተገኝተዋል። ግራኝ ብርቅ ነው። ዛሬ ደግሞ በሦስት ቦታ ይፈለጋል፤ በግራ ተመላላሽነት፣ በግራ በኩል ባለው የመሀል ተከላካይነት፣ በቀኝ መስመር አጥቂነት። ብዙ አሠልጣኝ ግን ግራኝ ልጅ ሲያገኝ ሌላ ሳያስብ በግራ መስመር ወይም በተመላላሽነት ያቆመዋል፤ ልጁም ወደ ግብ መቁረጥን ሳይለማመድ ያድጋል። ቀኝ እግረኛውም እንዲሁ፤ በግራ መስመር ተሰልፎ ሳያውቅ ከታዳጊነት ይወጣል።

በየሰፈሩና በየታዳጊ ፕሮጀክቱ የምታሠለጥኑ ሁሉ፣ ልጆቹን በሁለቱም መስመር አጫውቷቸው። በአንዱ ሳምንት በቀኝ፣ በሌላው በግራ። ወደ ውስጥ የሚቆርጠውን በዳር የሚያልፈው ተመላላሽ ስጡት፤ ተመላላሹንም መቼ እንደሚሮጥ አስተምሩት። ደካማ እግራቸውንም አትርሱት፤ ዊሊያምስ በርሊን ላይ የፍጻሜውን የመጀመሪያ ጎል ያስቆጠረው በእሱ ነው።